ደሴቷ ላይ ሁለት ዓመት፣ ከዚያስ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ አንድ ጉዳይ ይዘው መጡ። ውጭ ሄዶ ሕክምና መማር፣ የሆስፒታሉን ልምምድ ግን ተመልሶ አሜሪካ ውስጥ መሥራት። እኔም ሐኪም የሆንኩት በዚሁ መንገድ ነው። ካሪቢያን ላይ ሁለት ዓመት ተምሬ፣ ቀሪውን ሁለት ዓመት ከአንዱ ከተማ ሆስፒታል ወደ ሌላው እየዞርኩ ጨረስኩ። ስለዚህ ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው ወር አሳድሬ ዛሬ እነዚህን ብቻ ልመልስ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ልጄ 23 ዓመቱ ነው፣ ባዮሎጂ ጨርሷል። ሁለት ዓመት በተከታታይ እዚህ አሜሪካ ላሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልክቶ አንዱም አልተቀበለውም። አሁን ካሪቢያን ያለ ትምህርት ቤት በሦስት ሳምንት ውስጥ ተቀበለው። ቦታውን ለመያዝ በ10 ቀን ውስጥ ክፈሉ ብለውናል። ሁለት ዓመት ደሴቷ ላይ፣ ሁለት ዓመት እዚህ አሜሪካ ነው ይላሉ። አባቱ «የደሴት ዲግሪ ማን ይቀበለዋል?» እያለ ቤቱን አውኮታል። ብድሩን ዋስ ሆኜ ኮሳይን የማደርገው እኔ ነኝ። ልፈርም ወይስ ይቅር? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ በ10 ቀን ውስጥ አይፈርሙ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ተማሪ ይቀበላሉ። የጃንዋሪው ቢያመልጠው የክረምቱ አለ። ሲያጣድፉዎት አይደንግጡ።

አባቱን በተመለከተ፣ ዲግሪው ይሠራል ይበሏቸው። ግሬናዳ ያለው ሴንት ጆርጅስ ዩኒቨርሲቲ ከ1977 ጀምሮ ሲያስተምር ኖሯል፤ ከዚያ የወጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞች ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ይሠራሉ። በ1983 ፕሬዚዳንት ሬገን ወደ ግሬናዳ ጦር ሲልኩ ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ እዚያ የሚማሩት አሜሪካውያን የሕክምና ተማሪዎች ደህንነት ነበር። መንገዱ አዲስ አይደለም ማለቴ ነው። ልጅዎ እዚህ ከተማረው ልጅ ጋር ስቴፕ የሚባሉትን አንድ ዓይነት የሐኪም ፈቃድ ፈተናዎች ይወስዳል፣ ካለፈና ሬዚደንሲውን (ከምረቃ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠውን ሥልጠና) ከጨረሰ ፈቃዱም አንድ ዓይነት ነው። እኔ እስከ ዛሬ የት ነው የተማርሽው ብሎ የጠየቀኝ በሽተኛ ከአምስት አይበልጥም።

ጭንቁ ሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ፣ ከጀመሩት ስንቱ ደሴቷን አልፈው ሆስፒታል ይደርሳሉ? ቀጥሎ፣ የደረሱት የሚሠሩበት ሆስፒታል በእርግጥ አለ ወይ?

ስለ መጀመሪያው ልንገርዎት። ደሴቷ ላይ ክፍሉ ትልቅ ነው፣ ትምህርቱ ይሮጣል። የወደቀ ይደግማል፣ ደግሞ ከወደቀ ይሰናበታል። ስቴፕ ዋንን ለመፈተን ደግሞ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን አጠቃላይ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ ተማሪዎቹ «ኮምፕ» ይሉታል። ኮምፕን ያላለፈ ስቴፕ ዋን ላይ አይቀመጥም። አሁን ማስታወቂያውን እንደገና ያንብቡት። «ከ100 ተማሪዎቻችን ከ90 በላይ የሚሆኑት ስቴፕ ዋንን ያልፋሉ» ይላል እንበል። ኮምፕ ላይ የቀሩት እዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። የሬዚደንሲው ቁጥርም እንደዚሁ ነው፣ የሚቆጠረው እስከዚያ የደረሰው ብቻ ነው። አብሮኝ ያጠና የነበረ ልጅ ነበር፣ ከእኔ ይልቅ ጎበዝ ነው ብዬ የማስበው። ኮምፕን ሦስት ጊዜ ወደቀና አሰናበቱት። ዲግሪ የለው፣ ብድሩ ግን ሙሉውን አብሮት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያኔ እናቱን ስልክ ላይ ያነጋገርኳት እኔ ነበርኩ፣ ዛሬም አልረሳውም።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱን አንድ ነገር በኢሜይል ይጠይቅ። ከአምስት ዓመት በፊት አብረው ከጀመሩት 100 ተማሪዎች ስንቱ ተመረቁ? በስልክ የሚነግሩትን አይቀበል። በጽሑፍ ካልመለሱ ያው መልስ ነው።

ሁለተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቤተሰብ ይህን ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ተማሪው ዋርድ ይገባል። የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ ማህፀንና ፅንስ፣ የአእምሮ ሕክምና፣ የቤተሰብ ሕክምና። አገር ቤት ሲ ዋን፣ ሲ ቱ የሚባለው መሆኑ ነው። የደሴት ትምህርት ቤት ግን አሜሪካ ውስጥ የራሱ ሆስፒታል የለውም። ቦታውን ከሆስፒታሎች በገንዘብ ነው የሚያገኘው። ሴንት ጆርጅስ በ2007 ከኒውዮርክ ከተማ የሕዝብ ሆስፒታሎች ጋር ለ10 ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ተፈራርሟል። አቅም ያለው እንዲህ ያደርጋል። አቅም የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪ ደግሞ ስቴፕ ዋንን አልፎ ቤቱ ቁጭ ብሎ «ቦታ ሲገኝ እንደውልልሃለን» ይባላል። ሁለት ወር፣ አንዳንዴ አራት ወር። ከዚያ ስድስት ሳምንት ቺካጎ፣ ስድስት ሳምንት ጆርጂያ፣ ቤት ኪራይ በየቦታው። ወለዱ ደግሞ ይቆጥራል።

እንግዲህ የጽሑፍ ጥያቄው ላይ እነዚህንም ይጨምርበት። ዋና ዋናዎቹ ሮቴሽኖች (በየክፍሉ እየዞሩ የሚሠሩት ልምምድ) በሙሉ አንድ ከተማ ውስጥ ያልቃሉ ወይ? ሆስፒታሎቹ የራሳቸው ሬዚደንሲ አላቸው? ቦታ ሳያገኝ የሚጠብቀው ተማሪ በአማካይ ስንት ሳምንት ይጠብቃል? ኒውዮርክ መሥራት ከፈለገ፣ ትምህርት ቤቱ እዚያ ከ12 ሳምንት በላይ ተማሪ ለማሠራት ከግዛቱ ፈቃድ አለው? ፈቃድ ያላቸውን ራሱ ግዛቱ ዘርዝሮ ያወጣቸዋል፣ ቁጥራቸው ትንሽ ነው። ስለ አውሎ ነፋስም ይጠይቅ፣ የምሬን ነው። በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ዶሚኒካ የምትባለውን ደሴት ሲመታ እዚያ የነበረው ሮስ የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን መርከብ ላይ አስተምሯል፣ በኋላም ወደ ባርቤዶስ ጠቅልሎ ሄደ።

አሁን ወደ ፊርማው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የመንግሥት ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች ቀርቷል። ለሕክምና ተማሪ ከመንግሥት የሚገኘው በዓመት እስከ 50,000 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ብቻ ነው። እሱም ትምህርት ቤቱ ለፌዴራል ብድር ብቁ ከሆነ ነው፤ ካሪቢያን ላይ ደግሞ ብቁ የሆኑት ጥቂቶች ናቸው። የትምህርቱ ክፍያና የኑሮው ወጪ ሲደመር ከዚህ ያልፋል። የሚጎድለው በግል ባንክ ብድር ይሞላል፣ ኮሳይነር የሚፈለገውም ለእሱ ነው። እህቴ፣ የግል ብድር ላይ ሲፈርሙ ልጁ ኮምፕ ላይ ቢቀር ባንኩ የሚመጣው ወደ እርስዎ ነው። ቤትዎን አስይዘው ከሆነ ወደ ቤትዎ ነው። ልጅ ስለሚወዱ ብቻ የሚፈርሙት ወረቀት አይደለም።

አንድ ነገር ግን አልነገሩኝም። ያመለከተው ለተለመደው የሐኪም ዲግሪ ለኤም.ዲ. ብቻ ነው ወይስ ኦስቲዮፓቲ የሚባለውን ሌላውን የሐኪም ዲግሪ ለሚሰጡት ለዲ.ኦ. ትምህርት ቤቶችም? ብዙ የሀበሻ ቤተሰብ ዲ.ኦ. ሲባል ግማሽ ሐኪም ይመስለዋል። ዲ.ኦ. በ50ውም ግዛት ሙሉ ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ጥገና ይሠራል። ማች በሚባለው የሬዚደንሲ ምደባ፣ በ2025ቱ ውጤት አሜሪካ ከተማሩት የኤም.ዲ. ተመራቂዎች ከ100 ወደ 93ቱ፣ ከዲ.ኦ. ተመራቂዎችም እንደዚሁ ወደ 93ቱ ሬዚደንሲ አግኝተዋል። ውጭ ከተማሩ አሜሪካውያን ግን ያገኙት ወደ 68 ናቸው። ልዩነቱን ይዩት። ከ100 ሠላሳ ሁለቱ አራት ዓመት ተምረው፣ ፈተናውን አልፈው፣ በዚያ ዓመት ማች ቦታ አላገኙም። ካገኙትም ብዙዎቹ የውስጥ ደዌ፣ የቤተሰብ ሕክምናና ሕፃናት ላይ ናቸው። ልጅዎ የቆዳ ወይም የአጥንት ቀዶ ሐኪም ካልሆንኩ የሚል ከሆነ ደሴቷ መንገዱ አይደለችም።

የእኔ ሐሳብ ይኸው። ለዲ.ኦ. ካላመለከተ አንድ ዓመት ይቆይ። የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውን፣ ኤምካቱን፣ እንደገና ይውሰድ፣ ክሊኒክ ውስጥ ይሥራ፣ በሰፊው ያመልክት። 23 ዓመት ልጅነት ነው። ዲ.ኦ.ንም ሞክሮ፣ ኤምካቱም ተሻሽሎ፣ አሁንም በር ከተዘጋበት፣ ያኔ ከላይ ላሉት ጥያቄዎች በጽሑፍ የመለሰ ትምህርት ቤት ካገኘ ይሂድ፣ እኔም እመርቀዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ «ልጅሽ ሕክምና ገባ አይደል?» የሚልዎት ሰው ብድሩን አብሮዎት አይከፍልም። ከልጁም ጋር ብቻዎን ቁጭ ብለው ያውሩ። እሱ ራሱ ፈልጎት ነው ወይስ ቤቱ ውስጥ ያለውን ንትርክ ለማቆም?

ጥያቄ፦ ዶክተር እንደምን ነሽ። አዲስ አበባ ነኝ፣ 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ውጤቴ ጥሩ ነው። አንድ ኤጀንት ካሪቢያን ሄጄ ሕክምና ከተማርኩ በኋላ ልምምዱን አሜሪካ እንደምሠራና እዚያው እንደምቀጠር ነገረኝ። ሬዚደንሲው የተረጋገጠ ነው ብሎኛል። አባቴ መሬት ሊሸጥ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህ መሬቱን አይሽጥ።

የተረጋገጠ ሬዚደንሲ የሚባል ነገር የለም። ማች የሚሠራው ተማሪው ሆስፒታሎችን፣ ሆስፒታሎቹ ተማሪውን በቅደም ተከተል አስቀምጠው ኮምፒውተር ሲያገናኛቸው ነው። ኤጀንት እዚያ ውስጥ እጅ የለውም። ይህን ቃል የሰጠህ ሰው ሌላም ውሸት ሊነግርህ ይችላል፣ ስለዚህ ከእሱ ጋር ያለህን ነገር አቁም።

ከላይ ያሉት እናት ልጅ አሜሪካዊ ነው። ደሴቷን ሲጨርስ ወደ ቤቱ ነው የሚመለሰው። አንተ ግን ለሆስፒታሉ ልምምድ ቪዛ መጠየቅ አለብህ። ቆንስላው ከከለከለህ ሁለት ዓመት ተምረህ፣ የአባትህ መሬት ተሸጦ፣ መሃል መንገድ ላይ ትቀራለህ። የአሜሪካ መንግሥት ብድርም ለአንተ የለም። ዜጋ ያልሆኑ ውጭ የተማሩ ሐኪሞች በ2025 ማች ያደረጉት ከ100 58 ናቸው።

ውጤትህ ጥሩ ከሆነ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ ግባ። ከእነዚህ ተመርቀው አሜሪካ ሬዚደንሲ የገቡ ሐኪሞች አብረውኝ ይሠራሉ። እኔ በመጽሐፍ ያነበብኩትን የሳንባ ነቀርሳ እነሱ ሲ ዋን ላይ በእጃቸው ነክተው፣ በጆሯቸው ሰምተው ነው የመጡት። ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች በሽተኞችን በቡድን ሲያዩ፣ ይህ ይታያል። ስቴፖቹን ተፈትነህ፣ ስትመረቅ ውጭ የተማሩ ሐኪሞችን ከሚያረጋግጠው ኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ. ከሚባለው ድርጅት ማረጋገጫ ማግኘት ትችላለህ፣ ፈተናው የካሪቢያኑ ተማሪ ከሚፈተነው ጋር አንድ ነው። ማናቸውንም ትምህርት ቤት ከማመንህ በፊት ደግሞ ወርልድ ዳይሬክተሪ ኦፍ ሜዲካል ስኩልስ የሚባለው መዝገብ ላይ ስሙን ፈልግ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ተመራቂዎቹን ይቀበል እንደሆነ የሚናገረው የኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ. ማስታወሻም እዚያው ከስሙ ሥር አለ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ቨርጂኒያ ነው ያደግኩት፣ የደሴት ትምህርቴን ጨርሼ ሦስተኛ ዓመት ሮቴሽን ላይ ነኝ። ውስጥ ደዌን ቺካጎ ሠራሁ፣ ከዚያ ሰባት ሳምንት ቦታ ጠበቅኩ፣ አሁን ጆርጂያ ቀዶ ሕክምና ላይ ነኝ። ሕፃናትን የት እንደምሠራ አላውቅም። ከአሜሪካ ትምህርት ቤት የመጡት ተማሪዎች ፊት ትምህርት ቤቴን ስጠየቅ አፌ ይተሳሰራል። እስካሁን አንድም የድጋፍ ደብዳቤ የለኝም። አንዳንዴ ልተወው እላለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ደሴቷን አልፈሽ፣ ኮምፑንና ስቴፕ ዋንን አልፈሽ እዚህ ደርሰሻል። አሁን አትተዪውም።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። የት ትማሪያለሽ ሲሉሽ ስሙን ሙሉውን ተናገሪ፣ ጸጥ ብለሽ፣ ዓይናቸውን እያየሽ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ «ኒውዮርክ ነው የምሠራው» እያልኩ ሳድበሰብስ ኖሬ፣ አንድ ቀን አቴንዲንጓ (ኃላፊዋ ሐኪም) «እኔም ደሴት ነው የተማርኩት» አለችኝ። ማመልከቻሽ ላይ ስሙ ተጽፎ ይወጣል። የሚደበቅ ነገር የለውም።

የባከኑት ሰባት ሳምንታት ይቆጩሽ ይሆናል። ቀጣዩ ክፍተት ሲመጣ ግን ዝግጁ ሁኚ። ስቴፕ ዋን ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ማለፍና መውደቅ ብቻ ሆኗል፣ ነጥብ የለውም። ስለዚህ ሆስፒታሎቹ የሚያዩት ነጥብ የስቴፕ ቱ ነው። አንቺ ላለሽበት መንገድ ይህ ፈተና ከማንኛውም ነገር በላይ ይመዝናል። ቦታ በምትጠብቂበት ጊዜ ሁሉ ለእሱ አጥኚ፣ ሳትዘጋጂ ግን አትፈተኚ። ውድቀት መዝገብ ላይ ይቀራል፣ አንድን ስቴፕ መፈተን የሚቻለውም አራት ጊዜ ብቻ ነው።

ሕፃናቱን በተመለከተ በየሳምንቱ ሰኞ ለትምህርት ቤቱ የክሊኒካል ቢሮ ኢሜይል ጻፊ። በትህትና፣ ግን ሳትሰለቺ። ሜሪላንድ ወይም ዲሲ አካባቢ የተፈቀደላቸው ቦታ ካለ በስሙ ጠይቂ። ቤተሰብሽ ጋር አርፈሽ ብትሠሪ የኪራዩ ገንዘብ ይተርፍሻል፣ ከሥራ ስትመለሺም ትኩስ ሽሮ ይጠብቅሻል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ ከሁሉም የከበደኝ ፈተናው ሳይሆን፣ ማታ ማታ የማላውቀው ከተማ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ መብላት ነበር።

አራተኛ ዓመት ላይ ምርጫው የራስሽ ይሆናል። ያኔ ሬዚደንሲ ያላቸውን፣ ካለፉት ዓመታት ሬዚደንቶቻቸው ውስጥ የካሪቢያን ተመራቂ ያለባቸውን ሆስፒታሎች ብቻ ምረጪ። ድረ ገጻቸው ላይ የሬዚደንቶቹ ስምና ትምህርት ቤት ይገኛል፣ አንድ ምሽት ቁጭ ብለሽ እይው። እዚያ አራት ሳምንት ስትሠሪ አራት ሳምንት ሙሉ ቃለ መጠይቅ ላይ ነሽ ማለት ነው። ቀድመሽ ግቢ። ታካሚሽን ከሁሉም በላይ አንቺ እወቂያት።

ይህን ስል አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ሮቴሽን ላይ ሳለሁ ስኳራቸው እየወረደ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል የገቡ የሀበሻ እናት ነበሩ። ቡድኑ ኩላሊቱን መረመረ፣ የመድኃኒቱን መጠን ቀነሰ፣ ምክንያቱ ግን አልተገኘም። ማታ ወደ ክፍላቸው ገብቼ «እማማ፣ እንዴት አመሹ?» አልኳቸው። እጄን ይዘው አለቀሱ። ሁዳዴ ነበር። ጠዋት የስኳር ኪኒናቸውን ይውጣሉ፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ፈረንጆቹ ጹሚ አትጹሚ እንዳይሏቸው ፈርተው ለማንም አልተናገሩም። በማግስቱ ራውንድ ላይ ነገርኩ፣ የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ተጠራ፣ የኪኒናው ዓይነትና ሰዓት ተስተካከለ፣ እሳቸውም ጾማቸውን ቀጠሉ። የድጋፍ ደብዳቤዬ ላይ አቴንዲንጉ የጻፈው ይህንን ነው፣ ቃለ መጠይቅ በገባሁበት ሆስፒታል ሁሉ ጠይቀውኛል። አማርኛሽን ይዘሽ ዋርድ ግቢ። ብቻ በይፋ የማስተርጎሙን ሥራ ለተመዘገበው አስተርጓሚ ተዪ፣ አንቺ ተማሪ ነሽ።

ደብዳቤውን ደግሞ ሮቴሽኑ ካለቀ ከወር በኋላ በኢሜይል አትጠይቂ። ይረሱሻል። በመጨረሻው ሳምንት፣ ፊት ለፊት፣ «ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» ብለሽ ነው። ጠንካራ የምትለውን ቃል አትተዪያት። ካመነቱ አመስግነሽ ሌላ ሰው ፈልጊ። ማመልከቻው ሴፕቴምበር ላይ ነው የሚገባው፣ ያኔ ሦስት አራት ደብዳቤ እጅሽ ላይ መኖር አለበት። የቺካጎዋ አቴንዲንግ ከሰባት ሳምንት በላይ ስለሆናት ስምሽን መርሳት ጀምራለች። አብራችሁ ያያችኋቸውን አንድ ሁለት በሽተኞች፣ ስማቸውን ሳትጠቅሺ፣ አስታውሰሽ ዛሬ ማታ ጻፊላት።